«ሕጂ» ያልኩሽ ቀን

አሥመራ፣ ፓራዲዞ
ቅዳሜ፣ መጋቢት 5 ቀን 1962 ዓ.ም.

ውድ ጀዋሂር፣

«በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ቶሎ ይደርሳል» አለች አንዲት ሴት፣ ባለፈው ሐሙስ ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆማ። ለእኔ አይደለም፤ ክንዷን ይዛ ለቆመችው እኅቷ ነው። እኅቷ «ለምን?» ብትላት ዙሪያዋን ቃኘት አደረገችና «ለማንበብ አያስቸግራቸውማ» አለቻት። እነማንን እንደማያስቸግር አልጠየቅሁም። የፖስታ አገልግሎትን የሚመለከት ጠቃሚ ምክር ሆኖ ስላገኘሁት እነሆ በአማርኛ እጽፍልሻለሁ። ሦስት ዓመት የዘገየ ደብዳቤ መንገድ ላይ ደግሞ ባይዘገይ መልካም ነው።

ደግሞም ከአንቺ ጋር በሌላ ቋንቋ አውርቼ አላውቅም፤ ከአንዲት ቃል በቀር። የምጽፍልሽም ስለዚያች ቃል ነው።

ያችን ቃል ካልኩሽ ቀን ወዲህ ሲኒማ ገብቼ አላውቅም። ለጽድቅ ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስልሽ፤ በቃ አልገባም። ሲኒማው ግን ወደ እኔ መጣ። ጎረቤቴ ዘርዓይ ቴሌቪዥን ገዛ። ዘርዓይ አሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር መካኒክ ነው፤ ጣሪያው ላይ የተከለው ሽቦ ከሩቅ ሲታይ መስቀል ስለሚመስል ዓይናቸው የደከመ አሮጊቶች ቆመው ይሳለሙታል። ዘርዓይም ከቤቱ ወጥቶ «የአሜሪካ ነው» ብሎ አያርማቸውም። በሰላም ይሄዳሉ።

ቅዳሜና እሑድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እሱ ሳሎን ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ የሚሰማው የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ያስረዳል። የጾሙ የመጀመሪያ ቅዳሜ አንድ ሽርጥ ያሰረ አሜሪካዊ ብቅ ብሎ ሙሉ ዶሮ መጥበስ ጀመረ። የዘርዓይ እናት አደይ ለተገብርኤል ብድግ ብለው ነጠላቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል አደረጉበት።

«አደይ፣ ምን ነካሽ?» አለ ዘርዓይ።

«በጾም ሥጋ አናይም።»

«ማየት እኮ አያስገድፍም።»

«ማን አለ?»

ማንም አላለም፤ ስለዚህ ቀሺ ሰረቀብርሃን ነገሩን መርምረው እንዲፈርዱ ተጠሩ። ቀሺ ሰረቀብርሃንን በስም ታውቂያቸዋለሽ፤ የንስሐ አባቴ ናቸው። ምርመራው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዶሮው በስሎ፣ ተቆራርጦ፣ ከዚያም ፈረሰኞች ያሉበት ፊልም ተጀምሮ እስኪያልቅ ነጠላው ተነሥቶ ቀሺ ተመለከቱ። ሲያበቃ «ሽታ ከሌለው ሥጋ አይደለም» ብለው ፈረዱ። አደይ ለተገብርኤል ነጠላቸውን ለበሱ። ሰንበት በመጣ ቁጥር አሁን በሕግ እንመለከታለን።

እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እንድነግርሽ ወደ ጎን ዞር እላለሁ። ጎኔ ያሉት አደይ ለተገብርኤል ናቸው።

እኔና አንቺ የተዋወቅነው በስሕተት ነው፤ በእኔ ስሕተት። እኔ ያን ጊዜም እንደ ዛሬው የማተሚያ ቤት የአማርኛ አራሚ ነበርኩ፤ የሌላ ሰው ፊደል ጉድለት ፈልጌ እኖራለሁ። አንቺ ለምታስተምሪው አራተኛ ክፍል የአማርኛ መልመጃ ልታሳትሚ መጣሽ፤ የታተመውን ወስደሽ በማግሥቱ ተመለስሽና ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተሽ አንዱን መስመር በጣትሽ አሳየሽኝ። «ንጉሡ ዘውድ ደፉ» መባል የነበረበት «ንጉሡ ዘመድ ደፉ» ተብሏል።

«ይህን ያረሙት እርስዎ ነዎት?» አልሽኝ።

«እወ» አልኩ። እኔ ስደነግጥ ከአፌ የሚወጣው ትግርኛ ነው።

«ለአራተኛ ክፍል ይከብዳል» አልሽ። አልሳቅሽም። እኔም አልሳቅሁም። እንደምንግባባ ያን ጊዜ አወቅሁ።

አገርሽን ብጠይቅሽ «ወሎ» አልሽኝ። ስምሽ ጀዋሂር፣ አንገትሽ ላይ ማተብ፤ እንዴት ነው ነገሩ ብልሽ «ስሙን ያወጡት አያቴ ናቸው፤ ማተቡን ያሰሩት አባቴ ናቸው፤ ወሎ እንዲህ ነው» አልሽ። አንቺም የእኔን አገር ጠየቅሽኝ። «ዓዲ ጓዕዳድ» አልኩሽ። ዓዲ ጓዕዳድ የሄድኩት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ለቀብር። ቢሆንም እኛ ዘንድ ሰው አገሩን ሲጠየቅ የሚናገረው የአባቱን ነው። የት እንደተወለደ የሚጠይቅ ቢኖር አዋላጅ ብቻ ናት።

ከወሎ ድረስ መጥተሽ በሰው አገር ብቻሽን መሆንሽ አሳዘነኝ። እንዳትቸገሪ ብዬ ከዚያች ቀን ጀምሮ በአማርኛ ብቻ አናገርኩሽ። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ እንኳ ዞሬ እገባ ነበር እንጂ ትግርኛ አልጠራም። አንድ ቀን ፌርማታው ላይ «አውቶቡሱ ይህ ነው?» ብልሽ «እወ» አልሽኝ። «ጎበዝ!» አልኩሽ፤ «እየለመድሽው ነው፤ አነጋገርሽም አይከፋም።» ለረጅም ጊዜ አየሽኝና «የቐንየለይ» አልሽ። ምስጋናውንም በትግርኛ በማድረግሽ ያን ቀን ሙሉ ኮራሁብሽ።

ቅዳሜ ሲኒማ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖርን። በቤተ ክርስቲያን አንቺ በሴቶቹ በኩል፣ እኔ በወንዶቹ በኩል ቆመን በመካከላችን አራት ዓምድና መላው ምእመን ነበር። በሲኒማ ግን የወንበር ክንድ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ አንዳንዴ ሃይማኖትና ሲኒማ ስለ ሰው ያላቸው ግምት የተለያየ ይመስለኛል፤ አንዱ ያውቀናል፤ ሌላው ያምነናል። የትኛው የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። ሲኒማ ውስጥ ሕዝቡ በሙሉ ልቡ «ከኋላህ ነው!» እያለ ለማይሰማው ፈረሰኛ ይጮኻል። በማግሥቱ እሑድ ያው ሕዝብ ይሰማል ወደሚባለው ጌታ ቆሞ ያዛጋል። እኔም አብሬ አዛጋለሁ፤ ራሴን አላወጣሁም።

ፊልሞቹ በጣልያንኛ ስለሆኑ ጆሮሽ ሥር ወደ አማርኛ እገለብጥልሽ ነበር። አንድ ጊዜ ከኋላችን አንድ ሰው በትግርኛ «አንተ፣ እየቀደስክ ነው ወይስ ፊልም እያየህ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ሳልተረጉምልሽ ሳቅሽ። የድምፁ ቃና አስቆሽ ይሆናል ብዬ ተረጎምኩልሽ፤ ደግመሽ ሳቅሽ። የሁለተኛው ሳቅ ይረዝም ነበር።

ቅዳሜ ያየነውን ፊልም በሳምንቱ ውስጥ ለቀሺ ሰረቀብርሃን እናዘዝ ነበር። ቅዳሜም ሰንበት ነውና፣ በቀዳሚት ሰንበት ሲኒማ መግባቴን ኃጢአት ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት። ቀሺም በደንብ ለመፍረድ ዝርዝሩ እንደሚያስፈልጋቸው ነገሩኝ።

«ሰውዬው ልጅቷን አገባት?»

«አላገባትም፤ ፈረሱን ጭኖ ሄደ።»

«የት?»

«አልተነገረም።»

«ሃያ ስግደት» ይሉኝ ነበር። ካገባት አሥር ነው።

የሕማማት ሰሞን ስለ ጌታ መከራ የሚናገር ፊልም መጥቶ የነበረውን ታስታውሺዋለሽ፤ ሴቶቹ በወንበር መካከል ለመስገድ ሲሞክሩ የወደቁበትን። ያንንም ነገርኳቸው።

«ጌታ በምን ቋንቋ ተናገረ?» አሉኝ።

«በጣልያንኛ።»

«ጲላጦስስ?»

«እሱም በጣልያንኛ።»

ቀሺ ጢማቸውን አሻሹ። «እንግዲያው ተግባብተዋል» አሉ። «ከተግባቡ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው።»

ያን ጊዜ ሳቅሁ። አሁን ያን ያህል አያስቀኝም።

ጥር 20 ቀን 1959 ቅዳሜ ነበር። ውጭ የሙሽራ ማኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ፤ የጥር ነገር ታውቂዋለሽ። ፊልሙ የወንድሙን ገዳይ ስለሚፈልግ ፈረሰኛ ነው። ፕሪሞ ቴምፖ፣ የመጀመሪያው ክፍል፣ አለቀ፤ መብራት በራ፤ ሰው ሻሂና ለውዝ ፍለጋ ተነሣ። እኛ ተቀመጥን። አንቺ ከቦርሳሽ አንድ ወረቀት አውጥተሽ ጉልበትሽ ላይ ዘረጋሽ።

«ዝውውር መጥቶልኛል» አልሽ። «ጅማ። ሰኞ ጠዋት መልስ መስጠት አለብኝ።»

«ጅማ ቡና አለ» አልኩ። ይህን ማለቴን አልክድም።

«ወልደኣብ፣ ሽማግሌ እልካለሁ ካልክ ዓመት ሞላህ። የምትልክ ከሆነ እቀራለሁ። መቼ ነው?»

ወረቀቱን አየሁ። አንቺን አየሁ። ደነገጥኩ። ስደነግጥ ከአፌ የሚወጣው ምን እንደሆነ ከላይ ጽፌልሻለሁ።

«ሕጂ» አልኩሽ።

መብራቱ ጠፋ። ሻርፕሽን አነሣሽ፣ ቦርሳሽን ያዝሽ፣ በሰዎች ጉልበት መካከል አልፈሽ ወጣሽ። ፊትሽን ልትታጠቢ የሄድሽ መሰለኝ። ፊልሙ ቀጠለ።

ሁለተኛው ክፍል አምሳ ደቂቃ ያህል ነው። ሲያልቅ ስወጣ አልነበርሽም። በሩ ላይ ለውዝ የምትሸጠዋን ሴት ጠየቅኋት። «ቆማ ነበር» አለችኝ፤ «ብዙ ቆመች፤ ወደ በሩ እያየች።» አውቶቡስ እየጠበቅሽ ነበር ማለት ነው ብዬ ገመትኩ፤ ፌርማታው ከመንገዱ ማዶ ቢሆንም። እሑድ በሴቶቹ በኩል አላየሁሽም። ሰኞ ሥራ በዛብኝ። ማክሰኞ ትምህርት ቤትሽ ብሄድ ሰኞ ጠዋት ፈርመሻል።

ለምን እንደሄድሽ ለስምንት ወር አልገባኝም ነበር። ያብራራልኝ ኣስመላሽ ነው። ኣስመላሽ የብረቱን ፊደል እየለቀመ የሚደረድርልን ፊደል ለቃሚያችን ነው፤ ጎበዝ ነው፤ ግን አማርኛን እንደ እኔው በትምህርት ቤት የለመደ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። አንድ ቀን ለልጆች መጽሐፍ «ልጄ ሆይ፣ ውኃ ቅጂና ወደ ቤት ሂጂ» የሚል መስመር ለቅሞ አመጣልኝ። «ሂጂ» የምትለዋን «ሕጂ» ብሎ ለቅሟታል። ቀዩን እርሳስ አነሣሁና እጄ እዚያው ቀረ።

ይህን ከአንቺ ሌላ የሚያነብ ሰው ካለ እንዲገባው ላብራራ። «ሕጂ» በትግርኛ «አሁን» ማለት ነው። «ሂጂ» በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢው ያውቃል። እኔ «አሁን» አልኩሽ። ሽማግሌ አሁን፣ ቀለበት አሁን፣ ሁሉም አሁን። አንቺ፣ የወሎዋ ልጅ፣ የሰማሽው ግን «ሂጂ» ነው። ጅማን በሚያህል ጥያቄ ላይ ሴት «መቼ?» ስትል «ሂጂ» የተባለች እንደሆነ ሻርፗን አንሥታ ብትወጣ ማን ይፈርድባታል? «ሐ»ዬ ከጉሮሮ እንደምትወጣ፣ የአማርኛው «ሂ» ግን ትንፋሽ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በጨለማ፣ በጥሩምባው መካከል፣ ለአማርኛ ጆሮ ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ነውር ካልሆነ ያን ቀን ደስ አለኝ። የፊደል ስሕተት ነበር። የፊደል ስሕተት ደግሞ ሥራዬ ነው።

ለቀሺ ሰረቀብርሃን ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። ሁለቱንም ቃላት መሬት ላይ በበትራቸው ጽፌ አሳየኋቸው። ብዙም አላዩትም።

«ቃሉን ከተናገርክ በኋላ ምን አደረግህ?» አሉኝ።

«ተቀመጥኩ።»

«እስከ መቼ?»

«ፊልሙ እስኪያልቅ።»

ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ ያልጠየቁኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ፈረሰኛው ገዳዩን አግኝቶት ነበር፤ ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር።

«ወደይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ዓሣ አጥማጆቹ 'ተከተሉኝ' ሲባሉ መረባቸውን ጥለው ተነሡ። የጠራቸው በምን ቋንቋ እንደሆነ የጠየቀ አልሰማሁም። መነሣታቸውን ነው የሰማሁት።»

ስግደት እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። «ለተቀመጠ ሰው ስግደት አይሰጥም፤ መጀመሪያ ተነሥ» አሉኝ። ለፊደል ነገር ግድ የላቸውም፤ ግእዙንም በቃላቸው ነው የሚያውቁት። አስተያየታቸውን በአክብሮት ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያም ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ በየሳምንቱ አስብ ነበር፤ ቅዳሜ ሲሆን ዘርዓይ ይጠራኛል።

ዛሬም ጠርቶኛል። ግድግዳውን አልፎ ተኩስ ይሰማኛል፤ አደይ ለተገብርኤል «ከኋላህ ነው!» እያሉ ነው። አልሄድኩም። ያንን እንድታውቂልኝ እወዳለሁ።

በማተሚያ ቤት ሥርዓት መጽሐፍ ታትሞ ካለቀ በኋላ ስሕተት ሲገኝ አይቃጠልም፤ መጨረሻው ላይ አንዲት የእርማት ወረቀት ይለጠፍበታል። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። በጥር 20 ቀን 1959 ዓ.ም. «ሂጂ» ተብሎ የተሰማው «አሁን» ተብሎ ይነበብ።

ከዘርዓይና ከቀሺ ሰረቀብርሃን ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ፋሲካ እንዳለፈ በዘርዓይ ማኪና ወሎ ድረስ ወርደው አባትሽን ይጠይቃሉ። ቀሺ እዚያ ቴሌቪዥን መኖር አለመኖሩን ጠይቀዋል፤ ቢሆንም ይሄዳሉ። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ይምጡ» ወይም «አይምጡ»። በየትኛውም ቋንቋ ጻፊው፤ እኔ አርመዋለሁ።

የጅማ አድራሻሽ የለኝም። አንድ ጊዜ ግን ከፌርማታው ወዲያ እንዳልሸኝሽ ብትከለክዪኝም በዓይኔ ሸኝቼሽ ነበር፤ ዐባ ሻውል ሰፈር ውስጥ አንድ ሰማያዊ በር ገባሽ። «እቤት ይጠብቁኛል» ትዪ የነበረው አከራይሽ መሆናቸው ነው። አከራዮች አድራሻ አይጥሉም። ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።

እስክትመልሺልኝ ድረስ ፊልም እንደማላይ ቃል እገባለሁ። የአሜሪካንም ቢሆን።

ደኅና ሁኚልኝ።

ከመቀመጫው የተነሣው
ወልደኣብ

ማስታወሻ፤ መጋቢት 12። ዛሬ ጠዋት ዐባ ሻውል ሄጄ ሰማያዊውን በር አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ሴት አከራይሽ አይደሉም፤ እናትሽ ናቸው። አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይሰፉበት የነበረውን የስፌት ማኪና አሳዩኝ፤ አንቺን የወለዱበትን ክፍልም አሳዩኝ። ሻሂ አፍልተው አቀረቡልኝ፤ አድራሻሽን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። ስለ አንቺ በትግርኛ ብዙ አወራን። አማርኛ አያውቁም።